ማሂን ኻኑምና የራስ ምታቱ ዘመን

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ በሚባለው ሰፈር አንድ የቅመም ሱቅ ገብቼ ሄል ስመርጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ሻጭ የጽጌረዳ ውሃ ጠርሙስ አምልጧት ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ልጅቷ ይቅርታ እየጠየቀች መጥረጊያ ፍለጋ ሮጠች። እኔ ግን ካለሁበት መንቀሳቀስ አቅቶኝ መደርደሪያውን ይዤ ቆምኩ። ስትመለስ እንደዚያው ስላገኘችኝ፣ አሞኝ እንደሆነ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ መዓዛ ሲሸተው ሠርግ ወይም ዒድ ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ ያለኝ ፍርሃት ነው። ሰው ከሰው የሚሸሽበት፣ ራሱን ያመመው ሕመሙን እንደ ስርቆት ደብቆ የሚይዝበት ያ የኮሮና ጊዜ ነው።

ያኔም እንደዛሬው እኔና ባለቤቴ ሸምሱ የምንኖረው ሜይፌር ውስጥ፣ ደረጃው ጠባብ በሆነ አሮጌ ፎቅ ላይ ነበር። ከወራቤ ወጥተን እዚህ አገር ስንገባ የሁለታችንም ፀጉር ጥቁር ነበር። ሸምሱ መጀመሪያ ሶዌቶ ውስጥ በየቤቱ እየዞረ የአልጋ ልብስ ይሸጥ ነበር፤ በኋላ ጂፒ መንገድ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ያዝን። ብርድ ልብስና መጋረጃ ነው የምንሸጠው። ብርድ ልብሶቹ ነብር የተሳለባቸው፣ አንበሳ የተሳለባቸው ነበሩ፤ ብርድ ሲገባ ከሌሴቶና ከዚምባብዌ የሚመጡ ሴቶች በራሳቸው ተሸክመዋቸው ይሄዳሉ። ጠዋት ጠዋት በታክሲ ወደ ከተማ ስንወርድ የሰው ሁሉ ሒሳብ ከኋላ ወንበር እየተቀባበለ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው በሰው እጅ ይመለሳል። ያን ላብ የነካውን ሳንቲም አንድ ቀን እንፈራዋለን ብሎ ያሰበ ማን ነበር?

ከዚያ ሁሉም ነገር ባንዴ ተዘጋ። ጂፒ ላይ የብረት መዝጊያዎቹ ወረዱ፤ እኛም ነብሮቻችንን ቆልፈንባቸው ቤታችን ገባን። ያ ቀንና ሌሊት ጥሩንባ የማይለየው መንገድ ጭር አለ። የወታደር መኪና ሲያልፍና አምቡላንስ ሲጮህ ብቻ ነበር ድምፅ የሚሰማው። ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ዋጋው ሰማይ ነካ። ሲጋራ ተከልክሎ ስለነበር ማዕዘኑ ላይ የሚቆመው ጎረምሳ አንዷን ፍሬ ድሮ ፓኮው በሚሸጥበት ዋጋ ይሸጣት ነበር። ታክሲ ተራው አጠገብ የዙሉ እናቶች ኡምሎንያኔ የሚሉትን ቅጠል በእስር በእስር ይሸጣሉ፤ ሳሸተው የእኛው አገር ጭቁኝ ነው። እኔ ከተረፈ የመጋረጃ ጨርቅ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ እየሰፋሁ ለጎረቤት አድል ነበር። ወርቃማ አበባ ያለበት፣ ወይን ጠጅ መስመር ያለበት፤ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መስኮት መስሎ ይሄድ ነበር። በዚያ መሃል ዓለም ሁሉ በስልክ እየተቀባበለ የሚጨፍርለት አንድ የዙሉኛ ዘፈን ነበር፤ ልጆቹ ሰገነት ላይ ወጥተው ይጨፍሩበታል። ደስ የሚል ዘፈን ነው። ዛሬ ግን ሰምቼ አልጨርሰውም።

ስልካችን መርዶ ብቻ ያመጣ ጀመር። እገሌ ሂልብሮው ካለው ክፍሉ ታሞ ወጣ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀበረ፤ ያጠበው የለም፣ የሰገደበትም ሦስት ሰው ነው። ከሞቱ ይልቅ ይህ ነበር የሚያርደን። በየሱቁ በር ላይ ዘበኛው ያንን እንደ ሽጉጥ ያለ ሙቀት መለኪያ ግንባር ላይ ይደግናል። ትኩሳት ያለው ከደጅ ይመለሳል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ሳል አንድ ምልክት ነው፣ ራስ ምታት ሌላ ምልክት ነው ይባላል። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው እኔን ራስ ምታት የያዘኝ።

ለሸምሱ አልነገርኩትም። ራሴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አስሬ ቆሻሻ ላወጣ በሩን ስከፍት፣ ፊት ለፊት ያሉት ጎረቤታችን ማሂን ኻኑም በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ኻኑም ማለት በእሳቸው አገር እትዬ እንደማለት ነው። የሽራዝ ሴት ናቸው፤ ባላቸው መሐንዲስ ነበሩ፣ ሁለቱም በወጣትነታቸው መጥተው እዚሁ ሸመገሉ፤ ባላቸውም እዚሁ ጆሃንስበርግ ተቀበሩ። እሳቸው ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አንዲት ልጃቸው ካናዳ ትኖራለች። በእኔ ስብርባሪ እንግሊዝኛና ሁለታችንም ከቁርኣን በምናውቀው ቃል ነው የምንግባባው። ከዚያ በፊት ሰላምታና የዒድ ጣፋጭ ከመለዋወጥ አልፈን አናውቅም ነበር።

ሻሼን አይተው፣ «የትኛው ነው?» አሉኝ።

ራስ ምታት ራስ ምታት ነው፣ የትኛው ይባላል እንዴ ብዬ ገረመኝ። እሳቸው ግን ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ በመሃላችን ያለውን ኮሪደር ሳይሻገሩ ይጠይቁኝ ጀመር። ሙሉውን ነው ግማሹን? ከኋላ ነው ከፊት? ሲነኩት ይሞቃል ይቀዘቅዛል? ከበላሽ በኋላ ይብሳል ወይስ ሲርብሽ? እንቅልፍ እንዴት ነው? ሁሉንም መለስኩ። ትኩሳት የለኝም፤ ካልተኛሁ ግን ሰንብቻለሁ። ገብተው ከቆዩ በኋላ በትንሽ ጠርሙስ የጽጌረዳ ዘይት ከኮምጣጤ ጋር በጥብጠው ኮሪደሩ መሃል ወለሉ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ግንባሬንና የጆሮ ግንዴን እንድቀባው፣ ማታም ስልኩን እንድዘጋው ነገሩኝ። ይህ ሕመም የፍርሃትና የእንቅልፍ ማጣት ነው፣ ኮሮና አይመስለኝም አሉ። ቀባሁት፤ ስልኩንም ዘጋሁት፤ ተኛሁ። ዘይቱ ይሁን እንቅልፉ፣ ወይስ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጠየቀኝ፣ እስከዛሬ አላውቅም። በማግሥቱ ለቀቀኝ።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ በየበራችን ላይ ወንበር አውጥተን፣ ኮሪደሩን መሃላችን አድርገን እንቀመጥ ጀመር። ጨዋታው ሁሉ ስለ ራስ ምታት ነበር ማለት ይቻላል። አያታቸው ሽራዝ ገበያ ውስጥ አጣር ነበሩ፤ አጣር ማለት ቅጠላ ቅጠል፣ ዘይትና ቅመም እያጣጣመ ለበሽተኛ የሚሸጥ ሰው ነው። ማሂን ኻኑም ልጅ ሆነው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ ሱቅ ይቀመጡ ነበር። የእነሱ ሐኪሞች ከሺህ ዓመት በፊት ጀምሮ ራስ ምታትን አንድ በሽታ ነው ብለው አያውቁም አሉኝ። መላውን የሚይዘው ሱዳእ ነው። ግማሹን ፈልጦ የሚይዘው ሸቂቃ ይባላል። እንደ ወታደር የብረት ቆብ ዙሪያውን የሚጨንቀውን ደግሞ ስሙንም ከዚያው ከብረት ቆብ አውጥተውለታል። ከዚያ ደግሞ ሙቅ አለ፣ ቀዝቃዛ አለ፤ ከራስ የሚነሣ አለ፣ ከጨጓራ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ አለ። ለሙቁ ጽጌረዳና ኮምጣጤ፣ የቫዮሌት አበባ ዘይት፣ እርጥብ ድንብላል። ለቀዝቃዛው ካሞሚልና ጤና አዳም። ጤና አዳም ሲሉ በቆርቆሮ የተከልኳትን ከመስኮቴ ላይ አምጥቼ አሳየኋቸው፤ ከሩቅ ሲያዩዋት እንደ ዘመድ ሰላም አሏት።

እኔም የራሴን አወራኋቸው። በእኛ ሰፈር ራስ ምታት ሲጸና ዋግምት አውጪው ይጠራል፤ ማጅራትን በምላጭ በጣ በጣ አድርጎ በቀንድ ይመጠዋል። አክስቴ በሁለቱም የጆሮ ግንዷ ላይ የጋለ ብረት ጠባሳ ነበራት፤ ልጅ ሆኜ ጌጥ ይመስለኝ ነበር። ማሂን ኻኑም ሳቁ። የእነሱም ሐኪሞች በዋግምት ደም ያወጡ ነበር፤ አልለቅ ላለው ራስ ምታት የጋለ ብረት አናት ላይ ያሳርፉ፣ የጆሮ ግንድን ሥር ይቆርጡም ነበር። አያታቸው ይህን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ እንደነበር ነገሩኝ። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ይህን ሁሉ ያምናል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ግማሹን አምናለሁ አሉ፤ ግማሹን ደግሞ አያቴን ስለምወዳቸው እሰማዋለሁ። ያች የኮሪደር ጨዋታ ባትኖር እኔ በዚያ ጊዜ አብድ ነበር።

ብርዱ በጠናበት ወር አንድ እሑድ ጠዋት ሸምሱ ከአልጋ አልነሣም አለ። ከዋዜማው ጀምሮ ዝም ብሎ ነበር። መጋረጃውን ልከፍት ስል፣ ብርሃኑ ዓይኑን እንደ መርፌ እንደሚወጋው ነገረኝ። ግንባሩን ስነካው ምጣድ ነው። የጽጌረዳውን ዘይት ቀባሁት፤ እጄን ገፋው። ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው፤ ደግሞ አስመለሰው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ወደሚኖረው ወደ ላሬቦ ደወልኩ። ላሬቦ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ አሌክሳንድራ ውስጥ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው፣ ባኪ የሚባል ከኋላው ክፍት የሆነ ዕቃ ማመላለሻ መኪናና በእገዳው ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ፐርሚትም ነበረው። በስልክ፣ እትዬ ሙኒራ፣ ያው በሽታው ነው፣ አይዞሽ፣ ሎሚና ዝንጅብል አፍልተሽ አጠጪው፣ እኔም እጸልያለሁ አለኝ። ለእርዳታ የተሰጠውን ቁጥር ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ሙዚቃ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሸምሱ እጄን ያዘኝ። «እንዳትሰጪኝ» አለ። «ከወሰዱኝ በላስቲክ ጠቅልለው ነው የሚመልሱልሽ። እዚሁ ልሙት፤ አንቺ እጠቢኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ የማሂን ኻኑምን በር ደበደብኩ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ ነው፤ ከገበያ እንኳ የሚያስገዙት በሰው ነው፤ ኮሮና ከገባ ወዲህ የማንንም ደፍ አልረገጡም። እኔ ምክር ብቻ ነበር የፈለግኩት። እሳቸው ግን ሰሙኝና፣ ገብተው እኔ በሰፋሁላቸው ወርቃማ ጨርቅ ላይ ሌላ ደርበው፣ መነጽር አድርገው መጡ። መኝታ ቤታችን በር ላይ ቆሙ። መቃኑን ይዘው ወደ ውስጥ አዩ።

«አገጩን ደረቱ ላይ እንዲያደርግ ንገሪው» አሉኝ።

ነገርኩት። ሞከረ። አንገቱ እንጨት ሆኗል። እኔ ራሱን ከሥር ይዤ ላግዘው ስል ጮኸ፤ ሸምሱ በሕይወቱ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም።

ማሂን ኻኑም ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ፊታቸው ባይታይም ዓይናቸው ተለወጠ። ሰርሳም ነው አሉ። ሰር ራስ ነው፣ ሳም እብጠት፤ የአንጎል ሽፋን ሲያብጥ ማለት ነው። እኔ ግን ትርጉሙን ሳይጨርሱት ገብቶኛል። በእኛ አፍ ማጅራት ገትር ይባላል። ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል፤ በበጋ ወራት ከእኔ ጋር ቁርኣን የሚቀሩ ልጆችን ሲወስድ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኔ ኮሮናን ብቻ ሲጠብቅ፣ ይህኛው በሌላ በር ገብቶ አልጋዬ ላይ ተኝቷል።

«የሚቀባ ይስጡኝ» አልኳቸው። ሌላ የማውቀው አልነበረኝም።

«ለዚህ የሚቀባ የለም» አሉ። «ወንድሜ በዚህ ነው የሞተው። አያቴ መጽሐፍ ያለውን ሁሉ አደረጉለት፤ ጽጌረዳና ኮምጣጤ ራሱ ላይ አፈሰሱ፣ ደም አወጡለት። ቤቱ ሁሉ ሽቶ ሸተተ። ሞተ። ዛሬ መርፌ አለው፤ መርፌው ግን እዚህ ቤት የለም። አሁኑኑ ውሰጂው።»

ሸምሱ አልሄድም አለ። ማሂን ኻኑም ከበሩ ላይ ሆነው በራሳቸው እንግሊዝኛ ረጋ ብለው አናገሩት። ኮሮና ከሆነ እቤት ተኝቶ የሚድን ብዙ ሰው እንዳለ፣ ይህ ግን እቤት ተኝቶ እንደማይድን፣ እስከ ማታ ከቆየ እኔ የማጥበው ሬሳ እንጂ ባል እንደማይኖረኝ ነገሩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ጃኬቱን ጠየቀኝ።

ላሬቦን ደግሜ ጠራሁት። ደረጃው ላይ ሲደርስ ፊቱ አመድ መስሏል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የሸምሱን ትንፋሽ ይዞላት ወደ ቤቱ ሊመለስ ነው። ያን እያወቅኩ ቀና ብዬ ላየው አፈርኩ። እሱ ግን፣ ጋሽ ሸምሱን በዚህ በኩል ያዢልኝ ብሎ በብብቱ ገብቶ አነሣው። በባኪዋ ውስጥ ሦስታችንም ተጣብቀን ተቀመጥን፤ መስኮቶቹን ከፍተናል፤ ብርዱ ፊት ይልጣል። ላሬቦ በኢየሱስ ስም እያለ ይነዳል፤ እኔ ከቁርኣን ያሲንን እቀራለሁ፤ ሸምሱ በመሃላችን ያቃስታል። መንገዱ ባዶ ስለሆነ ከተማው የሞተ መሰለኝ።

ድልድዩ ጋ ወታደሮች አቆሙን። አንዱ ጠመንጃውን እንዳነገተ ጎንበስ ብሎ አየን። ላሬቦ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ ሰላምታ ሰጠና፣ «ኡባባ ኡያጉላ» አለው፤ አባታችን ታሟል ማለቱ ነው። ወታደሩ ወረቀት ጠየቀ። የላሬቦ ፐርሚት ለዕቃ እንጂ ለሰው አይደለም። ወታደሩ ወረቀቱን አነበበ። ያንን ሽጉጥ መሳይ መለኪያ ሸምሱ ግንባር ላይ ደገነ፤ ቁጥሩን ሲያይ ሸሸት ብሎ ቆመ። ከዚያ በእጁ እለፉ አለን፤ ወረቀቱንም በመስኮት ወረወረልን። ከፍርሃትም ይሁን ከርኅራኄ፣ አሳልፎናል።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ራሳቸውን ሁሉ የሸፈኑ ሰዎች መጥተው ሸምሱን በሚገፋ አልጋ ወሰዱት። አንገቱ፣ አንገቱን እዩት እያልኩ ከኋላ እጮሃለሁ። አንዷ ዞር ብላ በአውራ ጣቷ አሳየችኝ፤ ሰምታኛለች። እኔን ከአጥሩ አላሳለፉኝም። አጥሩ ሥር እንደኔው የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ተራርቀን ቆመን ሁላችንም አንዱን በር እናያለን። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል አንዲት ሐኪም ስልኬ ላይ ደወለች። ኮሮና የለበትም አለችኝ፤ ከጀርባው በመርፌ ውሃ ቀድተው ማጅራት ገትር መሆኑን አውቀዋል፤ መድኃኒቱን ጀምረውለታል፤ ዛሬ ባይመጣ ኖሮ አንደርስለትም ነበር አለችኝ። ይተርፋል ወይ ስላት፣ ገና አናውቅም አለች። ለእኔና ለላሬቦ የምንውጠው መከላከያ ክኒን በአጥሩ ቀዳዳ ሰጡን፤ ለማሂን ኻኑምም ወሰድንላቸው።

ከዚያ በኋላ የነበረውን ጊዜ በስልክ ጥሪ ነው የማስታውሰው። ስልኩ ሲጠራ አነሣውና መጀመሪያ የድምፁን ቃና ነው የምሰማው። ማሂን ኻኑም እነዚያን ቀናት ሁሉ ከሰዓት በኋላ ወንበራቸውን አውጥተው ከፊት ለፊቴ ይቀመጡ ነበር። ስለ ራስ ምታት አላወሩም። ስለ ሽራዝ ብርቱካን፣ በወጣትነታቸው ስለሚለብሱት ነጠብጣብ ቀሚስ፣ ስለ አንድ ሲኒማ ቤት በር ያወሩኛል። እኔ ግማሹን አልሰማም፤ ያውቁታል፤ ያወራሉ። አንድ ጠዋት ሐኪሟ ደውላ ስልኩን ለሸምሱ ሰጠችው። «የምትይው አይሰማኝም፤ ቆይ በዚያኛው ጆሮ ላድርገው» አለኝ። የግራ ጆሮው በዚያው ጠፋ። እኔ ግን ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ቆይቶ ሸምሱ ቤቱ ገባ፤ የላሬቦ ሚስትም ልጇን በሰላም ተገላገለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስታዬ ነበር። በሽታው ግን ሄዶ ተመለሰ፤ ሙቀት በገባ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ተንፈስ ባለበት፣ ከመጀመሪያው ብሶ መጣ። አንድ ጠዋት ማሂን ኻኑም ወንበራቸውን አላወጡም። በሩን ስቆረቁር ከውስጥ፣ አትግቢ አሉ። ልጃቸው ከካናዳ አምቡላንስ ጠርታላቸዋለች። ራሳቸውን እንዳመማቸው፣ ትንፋሽም እንዳጠራቸው ነገሩኝ። የትኛው ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ሳቁና ሳሉ።

«እንደ ብረት ቆብ» አሉ።

ቆይተው፣ እንዲህ ላለው አያታቸው እግርን በሞቀ ውሃና በጨው እየዘፈዘፉ ወደ ታች ያሹ እንደነበር ተናገሩ። ወደ ላይ የወጣውን ወደ ታች ይስበዋል ይባል ነበር። ግቢ አላሉኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሸምሱ ውሃ አሞቀልኝ። ሁለት መሸፈኛ ደርቤ፣ ሳፋውን ይዤ ገባሁ። ያኔ የፈራሁትን ያህል በሸምሱ ጊዜም አልፈራሁም። ወንበራቸው ሥር ተንበርክኬ እግራቸውን አጠብኩ። እንደ ልጅ እግር ትንሽ ነው፤ በረዶ ነበር። ከቁርጭምጭሚት ወደ ጣት፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ጣት አሸሁት። ሁለታችንም ፊታችንን ወደየጎን አዙረናል፣ እንዳንተነፋፈስ። ቀላ እስኪል ድረስ አሸሁት።

«ተሻለዎት?» አልኳቸው።

«ራሴ ያው ነው» አሉኝ። «ፍርሃቱ ግን ትንሽ ወርዷል።»

ሰዎቹ ደረጃውን ሲወጡ ሰማን። በፎጣ አድርቄ የሱፍ ካልሲያቸውን አጠለቅኩላቸው። በወንበር ተሸክመው ሲወስዷቸው በጠባቡ ደረጃ ወንበሩን ጋደል እያደረጉ ስለነበር፣ መታጠፊያው ላይ በመጨረሻ ያየሁት ያን ካልሲ ነው። አልተመለሱም።

እኔ አልታመምኩም፤ ለምን እንደሆነ አላህ ያውቃል። ልጃቸው ቀብሩን በስልክ አይታ ሲያበቃ ለእኔ ደወለች። ብዙ ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። እናቷ ግን በዚህ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ይበርደኛል ሲሉ ነው የኖሩት፤ ልጅቷም የጠየቀችኝ ይህን ብቻ ነበር፤ ሲወስዷት በርዷት ነበር ወይ አለችኝ።

«አልበረዳቸውም» አልኳት። «እግራቸው ሞቆ ነበር።»